«መጠጥ ይችላል» የሚባለው ሰው ጉበት ውስጥ

(ይህ ለአንድ የንባብ ቡድን አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለጽሑፍ እንዲመች መንተባተቤን ቀንሻለሁ፤ ቀልዱን ግን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ከተማው የት እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ። ድራፍት ቤቱን ትታችሁ እዚህ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከዚህ ስትወጡ ወዴት እንደምትሄዱ ደግሞ አልጠይቅም።

በአንዲት ቃል ልጀምር። «ይችላል»። ወዳጃችሁ ስምንት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ሲራመድ «እሱ እኮ መጠጥ ይችላል!» ትላላችሁ። በአድናቆት ነው የምትሉት። ግን የሚችለው ማን ነው? እግሩ ነው? ጭንቅላቱ ነው? ጉበቱስ ተጠይቆ ያውቃል? እኔ የማስተምረው ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ መከታተል እንጀራዬ ነው። ዛሬ ያቺን ቃል ይዘን አንድ የጉበት ሕዋስ ውስጥ እንግባ።

ስብከት አልያዝኩም። ያደግኩት ጌሾ ሲወቀጥ እየሰማሁ፣ አያቴ ጠላ ስትጠምቅ እያየሁ ነው። እንዲያውም የዛሬውን ትምህርት ግማሹን ያገኘሁት ከእሷ ጋን ነው። ጠላው ሲቆይባት «አቼቶ ሆነ!» እያለች ትናደድ ነበር። ያለችው ቃል በቃል ልክ እንደሆነ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ኢታኖል ይባላል። አየር ሲያገኝ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር፣ ቀጥሎ ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሴቲክ አሲድ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ነገር ነው።

ሁለት እርምጃ። ጉበታችሁም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጠጣችሁትን አልኮል በሁለት እርምጃ አቼቶ ያደርገዋል። አቼቶው ራሱ ችግር የለውም፤ ሰውነት እንደ ማገዶ ያነደዋል። ጣጣው ያለው መሃል ላይ ነው። አሴታልዲሃይድ ጋን ውስጥ ቢፈጠር የሚጎዳው ጠላውን ብቻ ነው። ጉበት ውስጥ ሲፈጠር ግን ዙሪያውን ያለው ሁሉ ሕይወት ያለው ዕቃ ነው፤ ፕሮቲን፣ ዲኤንኤ፣ የሕዋሱ ግድግዳ።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይኼ ነው። ጉበትን በዋናነት የሚጎዳው አልኮሉ ራሱ አይደለም። ጉበቱ አልኮሉን ለማስወገድ የሚሠራው ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ «አልኮል» የሚለው ቃል ከዓረብኛ ነው የመጣው፤ «አል ኩሕል» ከሚለው። የእኛም የዓይን ኩል ያው ዘመዱ ነው። መጀመሪያ የሚጠሩበት የደቀቀ ዱቄት ነበር፤ ቆይቶ አውሮፓውያን ከማንኛውም ነገር ተነጥሮ ለወጣው ምርጥ ክፍል ሰጡት፤ በመጨረሻም ለመጠጡ ቀረ።

ወደ ጉዟችን። ኢታኖል በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው። ዘጠኝ አተም ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂን፣ አንድ ኦክስጅን። ከውኃም ይስማማል፣ ከቅባትም ይስማማል። ስለዚህ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ የሕዋስን ግድግዳ ሰርጎ ያልፋል። ከጨጓራ ትንሽ፣ ከትንሹ አንጀት ብዙው ወደ ደም ይገባል። ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ፖርታል ቬይን በሚባለው የደም ሥር በኩል አስቀድሞ ጉበት ይገባል። ለዚህ ነው ጉበት የመጀመሪያውንም ከባዱንም ዱላ የሚቀምሰው።

ስብ ቢተርፍ የሚከማችበት ቦታ አለው። ስኳርም አለው። አልኮል ግን ማስቀመጫ የለውም። ጥቂቱ በትንፋሽ፣ በሽንትና በላብ ይወጣል፤ የትራፊክ ፖሊስ «ንፋ» ሲላችሁ የሚይዛችሁ ያ ነው። ከ90 በመቶ በላዩ ግን ተቃጥሎ ማለቅ አለበት፤ ያም በአብዛኛው ጉበት ውስጥ።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ውስጥ ወደ 13 ግራም ኢታኖል አለ። በሞለኪውል ቁጠሩት ብትሉኝ 17 ጽፋችሁ ከኋላው 22 ዜሮ ደርድሩ። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው የሚያጠራው፤ ሰው ከሰው ይለያያል። ስለዚህ አንዷን ቢራ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በአሥራ አምስት ደቂቃ አንድ የሚጨርስ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት።

ለምን አይፈጥንም? የመጀመሪያውን እርምጃ የሚሠራው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይም ማለት የሕዋሱ ሠራተኛ የሆነ ፕሮቲን ነው። ማዕከሉ ላይ የዚንክ አተም ይዟል፤ ኢታኖሉ እዚያ ላይ ይቀመጥና ሁለት ሃይድሮጂን ይነጠቃል። ይኼ ኢንዛይም ቶሎ ይሞላል። ገና በመጀመሪያው መጠጥ ሁሉም ሠራተኛ እጁ ተይዟል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ ሰልፍ ይይዛል። ቡና ብትጠጡ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ብትታጠቡ፣ ሽሮ በቃሪያ ብትበሉ ሰልፉ አይፈጥንም። ቡናው የነቃ ሰካራም ያደርጋችኋል፤ በቃ። ከመጠጡ በፊት መብላት ግን ይጠቅማል፤ አልኮሉ ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ሰልፉን አያፈጥነውም፤ ሰው እየተንጠባጠበ እንዲደርስ ያደርጋል እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ሜታኖል አንድ ነገር ልናገር፤ ነጥቤን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ። ሜታኖል የኢንዱስትሪ አልኮል ነው። አንዳንዴ ማንነቱ ባልታወቀ መጠጥ ውስጥ ተቀላቅሎ ሰው ይጨርሳል። የሚገርመው ሜታኖሉ እንዳለ ሲሆን ያን ያህል መርዝ አይደለም። መርዝ የሚሆነው ያው የጉበት ኢንዛይም ሲነካው ነው። መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ ይሆናል፤ ሬሳ የሚደርቅበት መድኃኒት ውስጥ ያለው። ቀጥሎ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፤ አንዳንድ ጉንዳኖች የሚረጩት አሲድ። የዓይንን ነርቭ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ይሰጣል፤ እሱ ከሌለ በሐኪም ቁጥጥር ኢታኖል ራሱ ይሰጣል። ኢንዛይሙ ኢታኖልን ስለሚመርጥ ሜታኖሉን ትቶ እሱን ይይዛል። አያችሁ? ሥራውን ስታስቆሙት መርዙ አይፈጠርም።

አሁን ወደ አሴታልዲሃይድ። ሁለተኛውን እርምጃ የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም አለ፤ የሕዋሱ ምድጃ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል። አሴታልዲሃይዱን ይዞ አሲቴት ያደርገዋል፤ ያው አቼቶ ያልነው ነው። ጥሩ ሠራተኛ ነው። ባይኖር ምን እንደሚሆን ለማወቅ መገመት አያስፈልገንም። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰው ደካማውን ዓይነት ይዞ ይወለዳል፤ በዓለም ላይ ከ500 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። አንድ ብርጭቆ ሲቀምሱ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። እነሱ ሰክረው አይደለም። አሴታልዲሃይዱ ተከማችቶባቸው ነው።

ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ በ1940ዎቹ ይህንኑ በራሳቸው ላይ ያዩ ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ሃልድ እና ያኮብሰን። ዳይሰልፊራም የሚባል ኬሚካል ለአንጀት ትል ይሆን እንደሆነ እየሞከሩ ነበር። እንደ ዘመኑ ሰው መጀመሪያ ራሳቸው ዋጡት። ምንም አልሆኑም። መጠጥ ሲቀምሱ ግን ፊታቸው ነደደ፣ አመማቸው። ኬሚካሉ ሁለተኛውን ኢንዛይም አግዶት ነበር። ሥራቸው በ1948 ታተመ፤ ያ ኬሚካል አንታቡስ ተብሎ ዛሬም መጠጥ ለማቆም ለሚታገሉ ሰዎች በሐኪም ይታዘዛል።

አሴታልዲሃይድ ለምን ይህን ያህል ክፉ ሆነ? ተለጣፊ ስለሆነ ነው። ያገኘው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፤ በተለይ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያለበት ቦታ ላይ። ማስቲካ የተለጠፈበት ቁልፍ ጉድጓዱ እንደማይገባው፣ የተለጠፈበት ፕሮቲን ሥራውን በቅጡ አይሠራም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የጉበት ሕዋስ ለደም የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን እየሠራ ወደ ውጭ ይልካል። ዕቃው የሚጓዘው ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ሐዲድ ላይ ነው። አሴታልዲሃይድ ቱቡሊኑ ላይ ሲለጠፍ ሐዲዱ ይበላሻል። ዕቃው ተሠርቶ አለ፤ መውጫ ግን የለም። ስቡም ፕሮቲኑም ውኃውም ውስጥ ይቀራል፣ ሕዋሱ እንደ ፊኛ ይነፋል። በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1911 ደግሞ ፍራንክ ማሎሪ የሚባል የቦስተን ፓቶሎጂስት (በሽታን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) በእነዚህ የተነፉ ሕዋሳት ውስጥ የተቋጠረ ክር የሚመስል ነገር አገኘ። የሕዋሱን ቅርፅ ደግፎ የሚይዘው ኬራቲን ተጨማድዶ ነው። ኬራቲን ማለት የጸጉራችንና የጥፍራችን ፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ዛሬም «የማሎሪ አካላት» ይባላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዲኤንኤ ላይ ሲለጠፍ ነው። ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች እርስ በርስ አጣብቆ ሊይዝ ይችላል። የተጣበቀ ክር ሊገለበጥ አይችልም። ሕዋሱ ጠጋኝ ቡድን አለው፤ ብዙውን ጊዜ ይጠግነዋል። ጥገናው ሁልጊዜ ልክ አይመጣም፤ ስህተቱ ይቀራል፤ ካንሰር የሚጀምረው ከእንደዚያ ዓይነት ስህተት ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጦችን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ ያስገባቸው በ1988 ነው። እዚያው ምድብ ውስጥ ሲጋራ አለ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ቢራም?» ይላል። አዎ፣ ቢራም።

ቆይ፣ ያ የተነጠቀው ሃይድሮጂን የት ሄደ? ይኼ ጥያቄ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የ«ፋቲ ሊቨር»፣ ስብ የያዘ ጉበት፣ ታሪክ እዚህ ነው ያለው።

ሕዋስ ውስጥ ኤንኤዲ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል አለች። ሚኒባስ ታክሲ በሏት። ባዶዋን ትመጣለች፣ ሃይድሮጂን ትጭናለች፣ ታራግፋለች፣ እንደገና ባዶዋን ትመለሳለች። ለብዙ ሥራ ታስፈልጋለች። ስብ ለማቃጠል ባዶ ታክሲ ያስፈልጋል። ስኳር ለማቃጠልም ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የኢታኖል ሞለኪውል በሁለቱ እርምጃዎች ሁለት ታክሲ ይሞላል። 17 ቁጥር ከ22 ዜሮ ጋር አስታውሱ፤ በሁለት አባዙት። ታዲያ የአልኮሉ ተሳፋሪ ፌርማታውን ሲያጥለቀልቀው ስቡ ምን ያድርግ? አስፋልት ዳር ቆሞ ይቀራል። አይቃጠልም። ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል።

ይባስ ብሎ ሕዋሱ የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። አልኮል ሲበዛ «ስብ ሥራ» የሚለው የጂን ማብሪያ ይበራል፤ «ስብ አቃጥል» የሚለው ይጠፋል። ውጤቱን ለማየት ዓመታት አያስፈልግም፤ በቀናት ውስጥ የጉበት ስብ ይጨምራል። ብዙ ከሚጠጡ ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ጉበታቸው ስብ ይዟል። ጥሬ ሥጋ ስለበሉ አይደለም። ጾመኛም ሆነው የሚጠጡ ከሆነ ያው ነው፤ አልኮሉ ራሱ በአንድ ግራም 7 ካሎሪ ይዞ ነው የሚመጣው።

የሞሉት ታክሲዎች ደግሞ ያገኙበት ቦታ ያራግፋሉ። ፓይሩቬት የሚባለው ነገር ላይ ሲያራግፉ ላክቴት ይሆናል። ፓይሩቬት ጉበት ስኳር የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነበር። አሁን አለቀ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የጠጣ ሰው የደሙ ስኳር አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። መንገድ ዳር የወደቀውን «ሰክሮ ነው፣ ተዉት ይተኛ» የምንለው ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህቺን እባካችሁ አትርሷት። ላክቴቱ ደግሞ ኩላሊት ላይ ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣ ያግዳል፤ ጥሬ ሥጋና ቢራ ባመሸ ማግስት አውራ ጣቱ የሚነድበት ባለ ሪህ ምን እንደማወራ ያውቃል።

እሺ፣ ወደ «ይችላል» እንመለስ።

ብዙ የሚጠጣ ሰው በእርግጥ አልኮልን ቶሎ ያጠፋል። ይኼ ውሸት አይደለም። ለምን? መደበኛው ሠራተኛ ሰልፉን መቆጣጠር ሲያቅተው ጉበት ኦቨርታይም የሚሠራ ሌላ ሠራተኛ ይቀጥራል። ስሙ ሲፕ ቱ ኢ ዋን ነው። ሥራውን በ1968 የገለጹት ቻርልስ ሊበር እና ሊዮኖር ዴካርሊ ናቸው። ሊበር ቤልጅየም ተወልዶ ኒው ዮርክ የሠራ ሐኪም ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ የዚህ ኢንዛይም ብዛት እጥፍ ድርብ ይጨምራል። አንጎልም በበኩሉ አልኮሉን ይለምደዋል። ሰውየው ስምንት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «ይችላል!»

ግን ይህ ተቀጣሪ ጥንቃቄ የለውም። ብየዳ ቤት አልፋችሁ ታውቃላችሁ? ብልጭታው መንገድ ድረስ ይዘላል። ሲፕ ቱ ኢ ዋን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ኦክስጅን ይጠቀማል፤ እየሠራ ከፊሉን በንጹሑ አይጨርሰውም፣ ብልጭታ አድርጎ ይለቀዋል። ፍሪ ራዲካል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሕዋሱ ግድግዳ ከቅባት የተሠራ ነው። ብልጭታው ሲነካው ቅባቱ ይበላሻል። ቆይቶ የሻገተ ቅቤ የሚሸተው በምንድን ነው? በዚሁ በኦክስጅን በተበላሸ ቅባት ነው። የሰውየው ጉበት ውስጥ ያለው ግድግዳ ቀስ እያለ እንደዚያ ቅቤ እየሆነ ነው። ስቡ ቀድሞ ተከማችቷልና ለእሳቱ ማገዶ አላጣም።

የእሳት አደጋ ሠራተኛም አለ፤ ግሉታታዮን ይባላል። ከሦስት አሚኖ አሲድ የተሠራች ትንሽ ሞለኪውል ናት። ራሷን ለብልጭታው ሰጥታ ታጠፋዋለች። አልኮል ግን ግሉታታዮን ወደ ማይቶኮንድሪያ እንዳይገባ መንገዱን ያውካል። ዋናው ምድጃ ያለው እዚያ ነው፤ እሳት አጥፊው የማይገባው እዚያ ነው። ጉዳቱም ጉበት ላይ በእኩል አይዳረስም። ደሙ ወደ መውጫው ሲጠጋ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ሲፕ ቱ ኢ ዋን ደግሞ ይበዛል። መጀመሪያ የሚጎዳው ያ ሠፈር ነው።

እንግዲህ ባለ አንጎበር ወዳጆቼ፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ማለዳ ራሳችሁ ሲመታ ወደ ፓራሲታሞል ነው የምትሄዱት። ፓራሲታሞልን በልኩ ከወሰዱት ደህና መድኃኒት ነው። ከፊሉን ግን ያ ብየዳ ሠራተኛችን ይይዘውና መርዛማ ነገር ያደርገዋል፤ መርዙን የምታመክነው ደግሞ ግሉታታዮን ናት። በየቀኑ በሚጠጣ ሰው ጉበት ውስጥ መርዝ ሠሪው በዝቷል፣ አምካኟ አንሳለች። መጠጡ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሠራተኛው እጁ ነጻ ነው፤ የሚጠብቀው ፓራሲታሞሉን ብቻ ነው። «አንዷ አላስታገሰችልኝም» እየተባለ ከልክ ሲያልፍ ጉበት ድንገት ሊቆም ይችላል። የምትጠጡ ከሆነ ፋርማሲው ላይ ደፍራችሁ ተናገሩ።

ስለዚህ «ይችላል» ማለት፣ በሕዋስ ቋንቋ ስንተረጉመው፣ «ብየዳ ቤቱ ሰፍቷል» ማለት ነው። ቶሎ መስከር ያቆመው ሰው ጉበት ከጀማሪው የበለጠ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ስካር ቢያንስ «በቃህ» የሚል ደወል ነበር። እሱ ደወሉን ነቅሎታል።

ስለ ሊበር እመለሳለሁ ብያለሁ። ሠፈራችን ውስጥ አንድ ጠጪ ሲሞት «መጠጡ አይደለም፣ ባዶ ሆዱን እየጠጣ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ይኼ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ዓለምም ለረጅም ጊዜ ያመነው ይህንኑ ነበር፤ ጉበታቸው የሚጎዳው በምግብ እጥረት ነው ተብሎ። ሊበር አልተቀበለውም። በደንብ ለሚበሉ ፈቃደኛ ሰዎች አልኮል ሰጥቶ በቀናት ውስጥ ጉበታቸው ስብ እንደያዘ አሳየ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጥሩ ምግብ የሚያገኙ ዝንጀሮዎችን ለዓመታት አልኮል እየሰጠ አቆያቸው። አንዳንዶቹ ሲሮሲስ፣ ጉበት በጠባሳ የሚታሠርበት በሽታ፣ ያዛቸው። ጮማ መቁረጥ መድን አይሆንም ማለት ነው። ምግብ ማጣት ጉዳቱን ያብሳል፤ መብላት ግን አይሽረውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ሕዋስ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ አሉ። ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ።

አንደኛው የኩፕፈር ሕዋስ ነው፤ ዘበኛ ነው። አልኮልና አሴታልዲሃይድ የአንጀትን ግድግዳ ስፌት ያላሉታል። ከባክቴሪያዎች ቅርፊት የሚወጣ ኢንዶቶክሲን የሚባል ነገር በዚያ ሾልኮ ጉበት ይደርሳል። ዘበኛው «ወራሪ መጣ!» ብሎ ፊሽካ ይነፋል። የፊሽካው ድምፅ ኬሚካል ነው፤ ቲኤንኤፍ የሚባለው አንዱ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፣ ግርግር ይሆናል፣ በግርግሩ የቆሰለው የጉበት ሕዋስ ይሞታል። ሐኪሞች የአልኮል ሄፓታይተስ የሚሉት ይህ ነው። ሰውየው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባልና የሌሊት ወፍ ፍለጋ ይጀመራል።

ሁለተኛው ኮከብ የሚመስለው ሕዋስ ነው። ሰላማዊ ነው፤ ሥራው ቫይታሚን ኤ ማስቀመጥ ነው። አብዛኛው የሰውነታችን ቫይታሚን ኤ እሱ ዘንድ ነው ያለው። የግርግሩ ድምፅ ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ግን ይቀየራል። ቫይታሚኑን ይበትናል፣ ቅርፁን ይለውጣል፣ ግንበኛ ይሆናል። ኮላጅን መገንባት ይጀምራል፤ የጠባሳ ክር ማለት ነው። ቁስል ሲኖር ጠባሳ ጥሩ ነው። ቁስሉ በየምሽቱ የሚታደስ ከሆነ ግንበኛው ማቆሚያ የለውም። ለስላሳው ጉበት በክር እየታሠረ እባጭ እባጭ ይሆናል፤ ደሙ መተላለፊያ ያጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። በ1819 ሬኔ ላኔክ፣ ያ የልብ ማዳመጫውን የፈለሰፈው ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ቀለሙን አይቶ ሲሮሲስ አለው። በግሪክኛ ቢጫማ ቡናማ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከቀለሙ እንጂ ከጥፋቱ አይደለም።

ምን ይመለሳል? ስቡ ይመለሳል። መጠጥ ከቆመ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ይጠራል። ብየዳ ሠራተኛው በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ገና ቀጭን የሆነ ጠባሳም ሊሳሳ ይችላል፤ ግንበኞቹ ከፊሉ ይሞታሉ፣ ከፊሉ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ይመለሳሉ። የጠነከረ ሲሮሲስ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ እዚያም ቢሆን ያቆመ ሰው ካላቆመው የተሻለ ዕድሜ አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረጉ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። ሐኪም ጋ ሄዶ ነው የሚቆመው።

እዚህ ላይ ጨረስኩ። ከዚያ ጥያቄ ሆነ።

አንዲት ወጣት ተነሥታ «ጠጅ ይሻላል ቢራ? ጠጅ ማር ስላለው ማለቴ ነው» አለች። ለጉበት ኢታኖል ኢታኖል ነው፤ ከማር ይምጣ ከገብስ አይጠይቅም። መጠኑን ነው ማየት። ብርሌው 300 ሚሊ ሊትር፣ ጠጁ 10 በመቶ ነው ብንል ወደ 24 ግራም ይመጣል፤ ሁለት ቢራ ሊሆን ምንም አይቀረው። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ አረቄ፣ 45 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 18 ግራም ነው። የቤት መጠጥ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሂሳቡም አብሮ ይለዋወጣል። ቀጥላ «ለሴት ይብሳል የሚባለውስ?» አለች። እውነት ነው። የሴት ሰውነት በአማካይ ውኃው ያንሳል፤ ያው መጠጥ በትንሽ ውኃ ስለሚበጠበጥ ደም ውስጥ ይከማቻል። ጨጓራ ላይ ያለው የመጀመሪያው ኢንዛይምም በሴቶች ያንሳል።

የመጨረሻው ጠያቂ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ኮታቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሃል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ጠጥቻለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ። ይችላል የምትለው እኔን ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ከሚጠጡት ሲሮሲስ ላይ የሚደርሱት ከ10 እስከ 20 በመቶ ናቸው። ከፊሉ የዘር ነገር ነው። ፒኤንፒኤልኤ ሦስት በሚባል ጂን ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ጉበታቸው ስቡን መልቀቅ ይቸግረዋል፤ ለውጡ ከጉበት ስብ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው በ2008 ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ የቆሰለ ጉበት ላይ ነው የሚጠጣው፤ በአገራችን ብዙ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። እና ጉበት ውስጡ አያምም። ሕመም የሚሰማው የላይኛው ሽፋኑ ብቻ ነው። ብዙው ከጠፋ በኋላም ዝም ሊል ይችላል።

«ለመሆኑ ጉበትዎን ተመርምረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ? አላመመኝም እኮ!»

ሰው እንደገና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ሲበታተን ግን ወደ እኔ መጡና «ምንድን ነው የሚባለው ያ ምርመራ?» አሉኝ ዝግ ብለው። ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲ፣ ጂጂቲ (ሦስቱ በደም የሚለኩ ኢንዛይሞች ናቸው)፣ ፕላትሌት፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ኤኤስቲው ከኤኤልቲው በእጥፍ በልጦ ከተገኘ ሐኪሙ ስለ መጠጥ ይጠይቅዎታል፣ አይዋሹት አልኳቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።